ወንድሜ በተልዕኮ ሲማር

ወንድሜ ከተወሰደ በኋላ ሁለት ዓመት ተኩል ትምህርቱን አላቋረጠም። ውጤቱም ደህና ነበር። ሒሳብማ ቤት ከነበረበት ጊዜ ይልቅ ከተወሰደ በኋላ በረታ። ይህን ስናገር የሚስቁ ሰዎች አሉ፤ አንዳንዴ እኔም አብሬያቸው እስቃለሁ። የአራዳ ልጅ በራሱ ጉድ ሌላው ሳይቀድመው መሳቅ ይወዳል።

የምንኖረው ከፒያሳው አስፋልት ወደ ውቤ በረሃ ገባ ብሎ ባለ ግቢ ውስጥ ነበር። በግቢው አምስት ቤተሰብ ይኖራል። እኛ አንዲት ክፍልና ከኋላዋ የተቀጠለች የቆርቆሮ ጓዳ ነበረችን። አባታችን ቀደም ብሎ በሳምባ በሽታ ሞቷል። እናቴ ፒያሳ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ አንሶላ ታጥብና ትተኩስ ነበር፤ እጇ ክረምት ከበጋ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ወንድሜ በአራት ዓመት ይበልጠኛል። አባታችን ሲሞት ትምህርቱን ከስምንተኛ አቁሞ አንድ ማተሚያ ቤት ጥረዛ ክፍል ገባ። ቀኑን ሙሉ የሰው መጽሐፍ ሲሰፋና ሲለጥፍ ይውልና ሲመሽ የራሱን ይከፍታል። ዘጠነኛ ክፍልን በተልዕኮ ጀምሮ ነበር።

በተልዕኮ መማር ማለት፣ ለማያውቀው ልንገርና፣ አስተማሪህን ሳታይ መማር ነው። ጥራዙ በፖስታ ይመጣልሃል። አንብበህ ስትጨርስ መጨረሻው ላይ ያሉትን ጥያቄዎች በመልስ ወረቀት ላይ ሠርተህ ትልካለህ። ሦስት ሳምንት አንዳንዴም ወር ቆይቶ በቀይ ብዕር ታርሞ ይመለሳል፤ ከእሱም ጋር ቀጣዩ ጥራዝ። ገጠር ለተመደበ አስተማሪ፣ ለወታደር፣ ለእስረኛ፣ ቀን ሠርቶ ለሚያድር ሰው የታሰበ ትምህርት ነበር። እዚያ ያሉት ሰዎች የሚያውቁህ በተማሪ ቁጥርህና በእጅ ጽሑፍህ ብቻ ነው። መልክህን የሚጠይቅ የለም።

የራሳችን ፖስታ ሣጥን ያለን ሰዎች አልነበርንም። በዚያ ዘመን ግማሹ የአራዳ ሰው ደብዳቤ የሚመጣለት በሌላ ሰው ሣጥን ነው፤ «በእገሌ በኩል» ተብሎ። የእኛ እገሌ ፒያሳ ላይ ከወርቅ ቤቶቹ ጎን ሁለት ሰው የማታስቆም ሱቅ የነበረቻቸው ሽማግሌ ሰዓት ሠሪ ናቸው። አንድ ዓይናቸው ላይ ማጉያቸውን ሰክተው፣ ቀና ሳይሉ፣ እጃቸውን ወደ መደርደሪያው ሰደድ አድርገው ፖስታህን ያቀብሉሃል። ስለ ደብዳቤው ምንም አይጠይቁም። አንድ ቀን እናቴ ምስጋና ስታበዛባቸው፣ ከሰዓት ጋር የኖረ ሰው መጠበቅ ምን እንደሆነ ያውቃል ብለዋታል።

ወንድሜን የወሰዱት ሐሙስ ጠዋት ነው። የቤት ለቤት አሰሳው ሰሞን ነበር። ሦስት ሆነው ገቡ፤ ፍራሹን ገለበጡ፣ ጓዳውን በረበሩ፣ ከጥራዞቹ ውስጥ የጂኦግራፊውን፣ ካርታ አለበት ብለው፣ ያዙ። እሱንም ያዙ። ጫማውን እስኪያስር ጠበቁት። ይህን የማነሳው ደግ ነበሩ ለማለት አይደለም፤ የማስታውሰው ያንን ስለሆነ ነው። የዚያ ጂኦግራፊ አራተኛ ትምህርት ስለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

እናቴ ወደ ቀበሌው እስር ቤት አሥራ ሦስት ቀን ምግብ አመላለሰች። በአሥራ አራተኛው ቀን በሩ ላይ ያለው ጠባቂ ሳህኑን ሳይቀበላት፣ እዚህ የለም፣ ተዛውሯል አላት። ወዴት ብትለው አላውቅም አለ። ሳህኑን እንደያዘች ተመለሰች፤ ምግቡን በሌላ ዕቃ ገልብጣ ለእኔ አቀረበችልኝ። በላሁት። «ተዛውሯል» ማለት በዚያ ሰሞን ምን ማለት እንደሆነ ፒያሳ ላይ የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ እኔም አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች። ሁለታችንም ግን አላልነውም።

በእኛ ዘንድ ሰው ሞተ የሚባለው መርዶ ሲነገር ነው። የንስሐ አባቱ፣ ጎረቤቱ፣ የዕድሩ ሰው ጎህ ሳይቀድ ተሰብስበው መጥተው በር ያንኳኳሉ፤ እናት ገና ሲያንኳኩ ይገባታል። ያን ጊዜ ይጮኻል፣ ፍራሽ ይነጠፋል፣ ድንኳን ይተከላል። ለወንድሜ ግን ማንም አላንኳኳም። እንኳን ሊያንኳኩ፣ ለተወሰደ ልጅ ማልቀስ ራሱ የሚያስጠይቅበት ጊዜ ነበር፤ ጎረቤቶቻችን ከእናቴ ጋር ሲገናኙ ስለ ዝናቡ ያወራሉ። መርዶ ስላልተነገረ ወንድሜ አልሞተም። ማኅበርተኞቿ በጸሎት ሲያስቡት ስሙን ከየትኛው ወገን እንደሚጠሩት ይቸግራቸው ነበር።

ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። እኔ ግን አላለቀስኩም። ክንድ ተኝተውበት ሲደነዝዝ እንደሚሆነው ነበር የሆንኩት፤ የራስህ መሆኑን ታያለህ እንጂ አይሰማህም። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ውሃ እቀዳለሁ፣ እናቴን ሆቴሉ ድረስ እሸኛለሁ። ስምንተኛን አልፌ ዘጠነኛ ልገባ ነበር። እናቴ ትምህርት ቤት የሚባል ነገር አይነሳብኝ አለች፤ በሷ ቤት የልጅ ነፍስ የሚጠፋው በመጽሐፍ ነው። እኔም አልተከራከርኳትም። በዚያን ጊዜ ጥርስሽን እንንቀል ቢሉኝም አልከራከርም ነበር።

ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ሰዓት ሠሪው ቡናማ ፖስታ ሰጡኝ። ውስጡ የወንድሜ አራተኛ የሒሳብ መልስ ወረቀት ታርሞ ነበር፤ ስድሳ አንድ አግኝቷል። ከጀርባው አጭር ደብዳቤ ተያይዟል፤ ከላይ «ለጓድ ተማሪ»፣ ከታች «ኢትዮጵያ ትቅደም» ይላል፣ መሐሉ ላይ ደግሞ አምስተኛው መልስ በመዘግየቱ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልደረሰ ተማሪው ከመዝገብ እንደሚሰረዝ ይገልጻል። እናቴ ማንበብ አትችልም ነበርና አነበብኩላት። ጨርሼ ሳጥፈው እንደገና አንብቢው አለችኝ። ደገምኩላት። ያጠበችውን የወንድሜን ሸሚዝ እያጣጠፈች ነበር።

«ሲመለስ ተሰርዞ ይጠብቀው?» አለች። «አንቺ እጅሽ ምን ሆነ? ጻፊለት።»

ጻፍኩለት። ሌላ ሰው ቢሆን ለእናቱ፣ እማዬ እሱ እኮ፣ ብሎ ይጀምር ነበር ይሆናል። እኔ የወንድሜን እርሳስ ቀረጽኩ። የእሱ ፊደል ወደ ግራ ዘንበል ይላል፤ የእኔ ቀጥ ያለ ነው። አንድ ሙሉ ደብተር ስገለብጥ ሰንብቼ እጄን አዘነበልኩት። ፊርማውንም ለመድኩ። ዘጠነኛ ክፍልን ገብቼበት ስለማላውቅ የመጀመሪያዎቹን ጥራዞች ከሥር ጀምሬ ማንበብ ነበረብኝ፤ ለአምስተኛው የሰጡን ሦስት ሳምንት ነው፤ ያገኘሁለት አርባ አንድ ነው። «የበለጠ ጥረት ያድርጉ» ይላል ቀዩ ብዕር።

«ስንት አገኘ?» አለች እናቴ።

«አርባ አንድ።»

«ምነው ወረደ?»

ሥራ በዝቶበት ይሆናል አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ወዲህ እንዲሁ ሆነ። ፖስታው ይመጣል፤ እናቴ በወንድሜ አልጋ ላይ ታስቀምጠዋለች፤ እኔ አልጋው ላይ ተቀምጬ እከፍተዋለሁ፤ ስንት አገኘ ትለኛለች፣ ይህን ያህል አገኘ እላታለሁ። ስድሳ አገኘ፣ ሰባ ሁለት አገኘ። ማን እንደሠራው ሁለታችንም እናውቃለን፤ እኔ አገኘሁ ብዬ ግን አንድም ቀን አላልኩም። ዘጠነኛን ሲጨርስ እናቴ ለግቢው ሴቶች ልጄ ወደ አሥረኛ አለፈ አለቻቸው። እንኳን ደስ ያለሽ አሏት። አንዷ ብቻ ወደ ቤቷ ገብታ በሩን ዘጋች፤ ቆይታ ስትወጣ ፊቷን ታጥባ ነበር።

ወደድኩት ወይ ትሉኝ ይሆናል፤ ትምህርቱን። አልወደድኩትም፣ አልጠላሁትምም። አንሶላ እንደሚታጠፍ ነው ያነበብኩት፤ ጫፍ ከጫፍ አጋጥሞ ማጠፍ፣ መደርደር፣ ቀጣዩን ማንሳት። ግን ሳይታወቀኝ ይገባኝ ጀመር። አንድ ቀን ገበያ ቆሜ ሻጩ ሚዛን ሲያጭበረብር በጭንቅላቴ በእኩልታ አሰላሁበትና ደነገጥኩ። በአሥረኛው ክፍል አጋማሽ ላይ የሒሳቡ አራሚ ከውጤቱ ሥር፣ የእጅ ጽሑፍዎ ካለፈው ዓመት ይልቅ ተሻሽሏል ብሎ ጻፈልኝ። ያን ዕለት ከብዙ ጊዜ በኋላ ሳቅሁ። ብቻዬን ስለነበርኩ ያየኝ የለም።

አራሚውን በሐሳቤ ሠርቼው ነበር። ኮት የለበሰ፣ ጸጉሩ የሸሸ፣ ሲጋራ የሚያጨስ ሽማግሌ። ወረቀቱን ሳሸተው የትምባሆ ሽታ ያለው ይመስለኛል። አንዳንዴ ከመልሱ ጎን ጥያቄ እጽፍለታለሁ፤ ይህ ለምን እንዲህ ሆነ? እሱም ለምን እንደሆነ ጠርዙ ላይ አጣቦ ይጽፍልኛል። በጠቅላላው ከእናቴና ከሰዓት ሠሪው ሌላ ያን ሁለት ዓመት የተነጋገርኩት ሰው እሱ ብቻ ነው ብል አልዋሸሁም።

በዚህ መሐል የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው መጣ። ፊደል ያልቆጠረ ሁሉ ማታ ማታ ቀበሌ አዳራሽ እየሄደ እንዲማር ታዘዘ። እናቴ የቀበሌውን ግቢ አልረግጥም ብላ ሁለት ሳምንት ቀረች፤ ወንድሜን በመጀመሪያ ያስገቡት እዚያ ነበር። ኋላ የማይማር ሰው ከቀበሌው ሱቅ ስኳር አይሰጠውም የሚል ወሬ ሲናፈስ ሄደች። ስትመለስ ስለ አዳራሹ ምንም አላለችም፤ ጥቁር ሰሌዳው ተሰንጥቋል አለች እንጂ። ከዚያማ ማን ያቁማት። አንሶላ እየተኮሰች ፊደል ትቆጥራለች። ፒያሳን ስናቋርጥ እጄን ይዛ ታቆመኝና የሱቆቹን ጽሑፍ ታነባለች፣ «ወ፣ ር፣ ቅ፣ ቤ፣ ት»፤ ሰው ሁሉ ገፍቶን ያልፋል። እንደዚያ አታቁሚኝ እላታለሁ። እሷ ግን እያንዳንዱን ሱቅ ጨርሳ ካላነበበች አትንቀሳቀስም።

አሥረኛ ክፍል ሊያልቅ ሦስት ጥራዝ ሲቀረው ነው ችግሩ የታየኝ። ትምህርቱ ያልቃል። ሲያልቅ የማጠቃለያ ፈተና አለ፤ ፈተናው በፖስታ አይደለም፤ ተማሪው ራሱ የቀበሌ መታወቂያውን ይዞ አምስት ኪሎ አጠገብ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ይቀርባል። ወንድሜ መቅረብ አይችልም። ካልቀረበ ይሰረዛል። እናቴ ደግሞ ስንት አገኘ ትላለች።

ስለዚህ መሳሳት ጀመርኩ። የማውቀውን ጥያቄ አጥፍቼ እሠራለሁ። ከሃምሳ በታች ያገኘ መልስ «ይደገም» ተብሎ ይመለሳል፤ እንዲህ እያልኩ ስምንተኛውን ትምህርት ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት። ሆን ብሎ መሳሳት እንደሚመስለው ቀላል አይደለም፤ ስህተቱ ስህተት እንዲመስል ማሰብ ያስፈልጋል። እናቴ ጭንቅ ጥብብ አላት። ልጄን ምን አገኘብኝ ትላለች። በሦስተኛው ጊዜ ወረቀቱ ሲመለስ ከውጤቱ ሥር በቀይ እንዲህ የሚል አገኘሁ። «ይህን የሠሩት አውቀው ነው። ምን ነካዎት?»

አልጋው ላይ ተቀምጬ ብዙ አየሁት። ምን ነካሽ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ጎረቤት አልጠየቀኝም፣ እናቴ አልጠየቀችኝም፣ እኔም ራሴን አልጠየቅሁም። ደረቴ ላይ የሆነ ነገር ቆረጠኝ፤ ሕመም ነበር፤ ደስም አለኝ። በበነጋው ስምንተኛውን ትምህርት በትክክል ሠርቼ ላክሁ፣ ከዚያም ዘጠነኛውንና አሥረኛውን። ከዚያም የፈተና ጥሪው መጣ፤ የመመዝገቢያው ቀነ ገደብ የወሩ መጨረሻ ነበር። ያን ጥሪ ሳነበው ፈተናውን ፈለግሁት። እኔ ራሴ። ወንድሜን ከወሰዱበት ሐሙስ ወዲህ አንድ ነገር ስፈልግ የመጀመሪያዬ ነው።

ጥሪውን ይዤ ወደ ተልዕኮው ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ላለው ሰውዬ፣ የወንድሜን ትምህርት የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ልፈተን አልኩት። ሰውየው በመጀመሪያ እብድ መሰልኩት። ከዚያ ከኋላው ከነበሩት ጠረጴዛዎች አንዲት ሴት ተነስታ መጣች። አጭር ናት፤ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች፤ ዕድሜዋ ከእናቴ አይበልጥም። ወረቀት ሰጠችኝና አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊ አለችኝ። እጄ ለምዶበት ወደ ግራ ዘንበል አድርጌ ጻፍኩ።

«አንቺ ነሽ?» አለችኝ። ትምባሆ ትምባሆ አትሸትም ነበር።

የሆነውን በአጭሩ ነገርኳት። እሷም በአጭሩ መለሰችልኝ። በራሴ ስም ልመዝገብ ካልኩ ከዘጠነኛ መጀመሪያ መጀመር አለብኝ። የተሠራው ሥራ እንዲቆጠርልኝ ግን መዝገቡ ላይ ያለው ተማሪ መሞቱን የሚገልጽ የቀበሌ ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ ያን ካመጣሁ ሥራው የእኔ እጅ መሆኑን እሷ ትመሰክራለች፣ በስሜ እፈተናለሁ። ይህን የምትለው ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው። ለእሷም ቀላል ነገር እንዳልነበር የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ቀበሌ ሄድኩ። ጸሐፊው የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ከወንድሜ ጋር ኳስ ሲራገጥ ነው ያደገው። የምፈልገውን ስነግረው ጠረጴዛው ላይ ያለውን ማኅተም ከግራ ወደ ቀኝ አዛወረው። ከዚያ ጻፈልኝ፤ ከበታቹም ማኅተም አደረገበት። ደጅ ወጥቼ ሳነበው፣ ስሙ የተጠቀሰው ግለሰብ ቀበሌውን ለቆ የሄደ መሆኑን እንገልጻለን ይላል። ያም ቢሆን ወረቀት ነው ብዬ ይዤው ሄድኩ። አራሚዋ አንብባ መለሰችልኝ።

«ለቆ የሄደ ተማሪማ አድራሻውን ያሳውቀናል እንጂ አይሰረዝም፤ የትም ቢሄድ ትምህርቱ ይከተለዋል። ሥራችን እሱ ነው» አለችኝ። ከዚያም፣ «እናት የላችሁም? እሷ ሄዳ ትጠይቅ» አለችኝ።

ያን ማድረግ አልችልም ነበር። እናቴን ሂጂና ልጄ ሞቷል በይ ብዬ እንዴት እጠይቃታለሁ? ማንም ያልደፈረውን መርዶ ለእናቴ የምነግራት እኔ፣ ያውም ለፈተና ብዬ? ወረቀቱን አሥረኛው ጥራዝ ውስጥ ከትቼ ጥራዙን ከሌሎቹ ሥር ሸጎጥኩት። እናቴ የፈተናው ነገር እንዴት ሆነ ስትለኝ ገና ነው አልኳት። ቀኑ እየተቆጠረ ወደ ወሩ መጨረሻ ደረሰ። እንደገና እየደነዘዝኩ መሆኔ ታወቀኝ፤ እንዲያውም ተመቸኝ።

የረሳሁት ነገር ቢኖር ፒያሳን ስታቋርጥ ሱቅ ሁሉ የምታነበውን ሴት ነው። አንድ ጠዋት ውሃ ቀድቼ ስገባ አልጋው ላይ ተቀምጣለች። ጥራዞቹ ጎኗ ተደርድረዋል። ወረቀቱን በሁለት እጇ ይዛ በጣቷ እየተከተለች ታነባለች። ባልዲውን አስቀምጬ በሩ ላይ ቆምኩ። ረጅም ጊዜ ወሰደባት። ስትጨርስ ማኅተሙን ሳይቀር አየችው።

«ለቆ ሄዷል» አለች። «የት ለቆ?»

ሁሉንም ነገርኳት። ፈተናውን፣ አራሚዋን፣ አውቄ መሳሳቴን። አንድም ጊዜ አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ነጠላዋን አነሳችና ተነሺ አለችኝ።

ቀበሌው ቢሮ ስንገባ ጸሐፊው ብድግ ብሎ ወንበር ሰጣት። አልተቀመጠችም። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አደረገችለት።

«ልጄ የትም አልለቀቀም» አለችው። «ያለውን ጻፍ።»

«እትዬ፣ እኔ መጻፍ አልችልም» አለ። መሬት መሬት ነው የሚያየው። «ሞቷል ብሎ ለቀበሌው የነገረ የለም።»

«እንግዲያው መርዶውን እኔ ልንገርህ» አለችው። «ልጄ ሞቷል። አሁን ሰማህ።»

ወንበሯ ባዶዋን መሐላችን ቆማለች። ጸሐፊው እሱ በራሱ እንዲህ ብሎ መጻፍ እንደማይችል፣ እናት በእጇ ማመልከቻ ከጻፈች ግን ቤተሰቡ አስታውቋል ብሎ ማኅተም ሊያደርግበት እንደሚችል ተናገረ። ወረቀትና ብዕር አቀረበ። እኔ ልጽፍ እጄን ዘረጋሁ። እናቴ ብዕሩን ከእጄ ወሰደችው።

«አንቺ እስከ ዛሬ ጻፍሽለት» አለችኝ። «ይሄን እኔ እጽፍለታለሁ።»

ያን ጊዜ ተቀመጠች። የጻፈችው ሦስት መስመር ነው፤ አንድ ሰዓት ያህል ሳይፈጅባት አልቀረም። ጸሐፊው መጀመሪያ ቆሞ ይጠብቅ ነበር፣ ኋላ ወደ ደጅ ወጣ። ልጄ ሞቷል፣ ትምህርቱን የሠራችው እህቱ ናት፣ ትፈተን ይላል። ማኅተም ተደረገበት። በዚያው ዕለት ወስጄ ለአራሚዋ ሰጠኋት፤ አንብባ መነጽሯን አወለቀችና ስሜን መዝገቡ ላይ ጻፈች። ፈተናው የሚቀጥለው ቅዳሜ ነበር።

እኔ ከጽሕፈት ቤቱ ስመለስ ፍራሹ ተነጥፏል። እናቴ ጥቁር ለብሳ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ማን እንደነገራቸው አላውቅም፣ የግቢው ሴቶች ሁሉ ዙሪያዋን ናቸው፤ ከዚያም ከየግቢው እየመጡ ጓዳው ድረስ ሞላ። ድንኳን አልተከልንም። እየዬው እንደልብ አልነበረም፤ ሁለት ዓመት ተኩል የቆየ ለቅሶ ግን በሹክሹክታ አይወጣም፣ እየቆየ ከፍ ይላል። እናቴ ስሙን እየጠራች ደረቷን ትመታለች። እኔ ውሃ አቀርባለሁ፣ ብርጭቆ አጥባለሁ። የነካኝ ነገር የለም፤ ሌላ ቤት የተላክሁ ይመስል ነበር።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ እናቴ በእጇ ጠራችኝና ጓዳ ገብተሽ ተቀመጪ አለችኝ። ከጓዳው ዕቃ አስወጥታ ጥራዞቹን ቀድማ አስገብታቸዋለች። ሰው ምን ይላል አልኳት። ግቢ አለችኝ። ገባሁ፣ በሩን መለስ አድርጌ የሒሳቡን ጥራዝ ከፈትኩ። ከግድግዳው ባሻገር ለቅሶው እንደገና ተነሳ፤ አዲስ ሰው ገብቶ ነበር። ትንሽ ቆይቶ የእናቴን ድምፅ ሰማሁ። በለቅሶ ሰልሎ በጭንቅ ነው የሚሰማው።

«ድምፃችሁን ቀነስ አድርጋችሁ አልቅሱልኝ» አለቻቸው። «ልጄ ታጠናለች።»

ያን ጊዜ አለቀስኩ ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር። አላለቀስኩም። አጠናሁ።